ፊውዙ ስለምን ይቃጠላል? በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ላይ ኮንታክት ፍለጋ

  የዛሬው ጉዳያችን አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው። ከሞተር ብስክሌቱም ኤሌክትሪኩ፣ ከኤሌክትሪኩም አንድ ችግር ብቻ። ይኸውም ፊውዝ እየደጋገመ የሚያቃጥል ኮንታክት የት እንደተደበቀ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው።

«እኔ ሞተር የለኝ፤ ምን አገባኝ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሞተር ላይ ተፈናጦ ያልሄደ ስንት ሰው አለ? ልጁ ወይም ወንድሙ በሞተር እየተላላከ እንጀራውን የሚያገኝስ? ደግሞም የምነግራችሁ ዘዴ ለባለሦስት እግሩ ባጃጅም ይሠራል። ሽቦ ያው ሽቦ ነው።

ድሬዳዋ ከብረት ጋር አብራ ያደገች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ከተማዋም በሐዲዱ ምክንያት ተቆረቆረች። የባቡሩ የጥገና ሥራ ቤት እዚሁ ነበር። የድሬ ሰው ባቡሩን «ቼሚንደፈር» ይለዋል። ቃሉ የፈረንሳይ ነው፤ የብረት መንገድ ማለት ነው። መፍቻና መዶሻ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደሉም ለማለት ያህል ነው።

ዳሩ ግን የድሬ አየር ለሽቦ አይራራም። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህ የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ትሞቃለች። ሽቦ ደግሞ ከውስጥ መዳብ፣ ከውጭ የፕላስቲክ ልብስ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆም ሞተር ልብሱ ከዓመት ወደ ዓመት ይደርቃል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የአሸዋ ብናኝ ይገባበታል። መንገዱ ያንገጫግጨዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ መዳቡ ራቁቱን ይቀራል።

የውሃም ነገር አለ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ደቻቱ ሲሞላ ስለ ሞተርም ስለ ሽቦም አታስቡ፤ ሽሹ። እኔ የምለው ከዝናብ በኋላ ስለሚቀረው ጭቃና ኩሬ ነው። በዚያ ውስጥ ያለፈ ሞተር የተሰነጠቀ ሽቦ ካለው ችግሩ ያን ጊዜ ይገለጣል።

እሺ። አሁን ወደ ፊውዙ እንምጣ።

ፊውዝን ብዙ ሰው ባልቦላ ይለዋል። በአሮጌ ሞተሮች ላይ ፊውዙ ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ነው። ቁመቱ የትንሿን ጣት አንድ አንጓ ያህላል። በሁለት ጫፉ የብረት ቆብ አለው። በመካከሉ ቀጭን ክር ይታያል። መገኛው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው አጠገብ ነው። ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ በዚያ ቀጭን ክር በኩል ያልፋል። ከመጠን በላይ ሲመጣ ክሩ ቀልጦ ይበጠሳል። መንገዱም ይቋረጣል። ክሩ የተሠራው እንዲበጠስ ነው። ራሱን ሰውቶ ሽቦውን ያድናል።

ቆቡ ላይ የተጻፈ ነገር አለ። ወደ ብርሃን አስጠጉና አንብቡት። ማንበብ ለዚህ ለዚህም አይደል? 10 ወይም 15 ወይም 20 ይላል። ከቁጥሩ ጋር አንዲት የፈረንጅ ፊደል ትኖራለች። አናቷ ሾጣጣ፣ እግሯ ሁለት፣ ወገቧ የታጠቀ ነው። ስሟ «ኤ» ነው። እዚህ ላይ አምፔር ማለት ናት። አምፔር ምን ያህል ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ እንደሚፈስ የምንለካበት ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አምፖል ላይ ዋት የሚባል ቁጥር ይጻፋል። ዋቱን ለባትሪው ቮልት ስታካፍሉት አምፔሩ ይወጣል። የፊት መብራቱ 35 ዋት ነው እንበል። ባትሪው 12 ቮልት ነው። 35 ለ12 ሲካፈል 3 አምፔር ገደማ ይሆናል። የኋላው ትንሽ መብራት 5 ዋት፣ የፍሬኑ 21 ዋት፣ በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ ፍሬቻዎች እያንዳንዳቸው 21 ዋት ናቸው እንበል። ሁሉንም ደምሩ። 103 ዋት ነው። ለ12 አካፍሉት። 9 አምፔር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መብራቱ ሁሉ አንድ ላይ ቢበራ እንኳ ባለ 10 አምፔሩ ፊውዝ ይችለዋል። ይህ ፊውዝ ከተቃጠለ አንድ ያልተጠራ እንግዳ ኤሌክትሪኩን እየጠጣ ነው ማለት ነው።

ሰዉ ታዲያ ምን ያደርጋል? ሌላ ፊውዝ ይገዛል። ያም ይቃጠላል። ሦስተኛ ይገዛል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይሏል ይህ ነው። ከዚያ ይመረውና ባለ 10 አምፔሩን አውጥቶ ባለ 30 ያስገባል። የባሰበት ደግሞ የሲጋራ ፓኮ ብራማ ወረቀት ይጠቀልልበታል። ወይም የመዳብ ሽቦ ያስርበታል። «ይኸው ሠራ!» ይላል። አዎ፣ ሠርቷል። ኮንታክቱ ግን አልሄደም። ከእንግዲህ የሚቀልጠው የፊውዙ ክር ሳይሆን ሽቦው ራሱ ነው።

ሽቦዎቹ የሚያልፉት የት ነው? ባንድ ላይ ታስረው በቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ሥር ነው፤ መካኒኮች ሰልባትዮ በሚሉት ሥር። አንዱ ሽቦ ሲግል የጎረቤቶቹን ልብስ ያቀልጣል። አምስት ስድስት ሽቦ አንድ ላይ ይጋገራል። ከላይ ቤንዚን አለ። ከቤንዚኑ ላይ ሰው ተቀምጧል። ከኋላው ምናልባት ልጁን ጭኗል። እንግዲህ ለጥቂት ብር ፊውዝ ተብሎ የሚገባበት ነገር ይህ ነው። ብራማ ወረቀት የተጠቀለለበት ፊውዝ ያለው ሞተር ካያችሁ ባለቤቱን ንገሩት። ቢቆጣም ይቆጣ።

ለመሆኑ ኮንታክት ምንድር ነው? አንዳንዱ ሾርት ይለዋል። የመስኖ ቦይ አስቡ። ውሃው ከምንጩ ተነሥቶ በቦይ ይሄዳል፤ አትክልቱን ያጠጣል። ቦዩ በመንገድ ላይ ቢሸነቆር ውሃው አትክልቱ ጋ ሳይደርስ ገደል ይገባል። ኤሌክትሪክም ከባትሪው ተነሥቶ በሽቦ ይሄዳል። አምፖሉ ውስጥ ሠርቶ በሞተሩ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። የሞተሩ ብረት ሁሉ የመመለሻ መንገድ ነው። መካኒኮች ይህን ብረት «ማሳ» ይሉታል። ቃሉ ከጣሊያን የመጣ ነው። ከገበሬው ማሳ ጋር በስም እንጂ በሥራ አይገናኙም።

አሁን የሽቦው ልብስ ተላጠ እንበል። ራቁቱ መዳብ ብረቱን ነካ። ኤሌክትሪኩ አምፖሉ ጋ ሳይደርስ በአቋራጭ ወደ ባትሪው ይመለሳል። የሚያግደው ስለሌለ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ፊውዙ ቀለጠ። ኮንታክት ይህ ነው።

ሽቦ ሲበጠስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተበጠሰ ሽቦ መብራት ያጠፋል እንጂ ፊውዝ አያቃጥልም። መብራት ጠፍቶ ፊውዙ ደህና ከሆነ የምትፈልጉት ብጥስ ነው። ፊውዙ ከተቃጠለ የምትፈልጉት ንክኪ ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈታ ይውላል።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንድ ባለሞተር ከሳቢያን ተነሥቶ በከዚራ በኩል ወደ መጋላ ይመላለሳል እንበል። ብቻውን ሲነዳ ፊውዙ ደህና ነው። ሰው ሲጭን ግን አንዳንድ ቀን ይቃጠላል። የሚቃጠለውም ጉድጓድ ያለበት ቦታ ደርሶ ፍሬን ሲይዝ ነው። ጋራዥ ሲወስደው ምንም የለውም። ቆሞ ሲሞከር ሁሉም ይሠራል። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ? አስቡበት። እስክንመለስበት ድረስ መሣሪያችንን እናዘጋጅ።

ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ አንድ አምፖልና ሁለት ክንድ ሽቦ ይበቃል። ወረቀትና እርሳስም ያዙ። አምፖሉ የፍሬቻ አምፖል ይሁን፤ ባለ 21 ዋቱ። አንዱን ሽቦ ከአምፖሉ የብረት አካል ጋር፣ ሌላውን ከታች ካለችው ጉብታ ጋር አያይዙ። በስታኞ ቢበየድ ይመረጣል። ይህ የመፈለጊያ መብራታችሁ ነው።

አምፖሉ ከባትሪው ቮልት ጋር መስማማት አለበት። አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች 6 ቮልት፣ ሌሎቹ 12 ቮልት ናቸው። እንዴት ይታወቃል? ውሃ የሚጨመርበትን ባትሪ ክዳኖች ቁጠሩ። ሦስት ክዳን ካለው 6 ቮልት ነው። ስድስት ካለው 12 ነው። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ይሰጣልና።

አሁን የተቃጠለውን ፊውዝ አውጡ። የመፈለጊያውን ሁለት ሽቦዎች በፊውዙ ሁለት መቀመጫዎች ላይ አያይዙ። እንግዲህ አምፖሉ በፊውዙ ቦታ ተቀምጧል። ኮንታክት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል። ሽቦው ግን አይግልም፤ አምፖሉ በ12 ቮልት ከ2 አምፔር በታች እንጂ አያሳልፍምና። ፊውዝም አታባክኑም። ለአንድ ሰዓት ብትፈልጉ የሚጎዳ ነገር የለም፤ ባትሪው ትንሽ ከመድከሙ በቀር። አምፖሉ ስለሚግል ከመቀመጫው ስፖንጅና ከቤንዚኑ አርቃችሁ አንጠልጥሉት። የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉ። በዚህ ሰዓት ሲጋራ የሚያጨስ ወዳጅ ካለ ራቅ ብሎ ያጭስ።

አንድ ነገር ቀረ። የሞተሩን አምፖሎች ሁሉ አውልቁ። የክላክሱንም ሶኬት ንቀሉ። ሞተሩ እሳት የሚያገኘው ከባትሪው ከሆነ የኮይሉንም ሶኬት ንቀሉ። ለምን? እነዚህ ጤነኛ ጠጪዎች ናቸው። እነርሱ ባሉበት የመፈለጊያው መብራት ቢበራ በእነርሱ ይሁን በኮንታክቱ አይለይም። ሁሉም ከወለቁ በኋላ ግን መብራቱ መጥፋት አለበት። ከበራ የበራው በኮንታክቱ ነው።

ፍለጋው ተጀመረ። የማስነሻው ቁልፍ ተዘግቶ ሳለ መብራቱ በራ? እንግዲያው ጥፋቱ ከፊውዙ እስከ ቁልፉ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ከቁልፉ ወዲያ ያለውን አትንኩ። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ሬክቲፋየር ነው። ከሞተሩ የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የሚያስማማ ዕቃ ነው። ሶኬቱን ንቀሉት። መብራቱ ከጠፋ ጥፋተኛው እርሱ ነው።

ቁልፉ ተዘግቶ ካልበራ ቁልፉን ክፈቱ። ሌላ ምንም አትንኩ። አሁን ከበራ ጥፋቱ ከቁልፉ ወዲህ ወዳሉት ማብሪያዎች በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። ካልበራም መልካም። በየተራ እንሂድ። የፊት ፍሬን ያዙ፤ ልቀቁ። የኋላውን ፍሬን ርገጡ፤ ልቀቁ። ፍሬቻውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አድርጉ። የመብራቱን ማብሪያ ክፈቱ። መብራቱ የበራው በየትኛው ነው? በግራ ፍሬቻ ከሆነ የምትፈልጉት ኮንታክት በግራ ፍሬቻ ሽቦ ላይ ነው። ሞተሩን ሁሉ መፍታት ቀረ። የምትፈትሹት አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ ብቻ ሆነ።

በእያንዳንዱ እርምጃ ያያችሁትን ጻፉ። «ቁልፍ ዝግ፣ አልበራም። ቁልፍ ክፍት፣ አልበራም። ግራ ፍሬቻ፣ በራ።» ጽሕፈታችሁ ባያምርም ግድ የለም። የነቀላችሁትን ሶኬት ሁሉ ወረቀት ቁራጭ ለጥፉበትና ቁጥር ስጡት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ያልተጻፈበት ሶኬት ሲመለስ ነው መከራው።

አሁን ወደ ባለሞተራችን እንመለስ። ቆሞ ሲሞከር መብራቱ በአንዱም አልበራም። ኮንታክቱ የለም ማለት ነው? አይደለም፤ ሰዓቱን እየጠበቀ ነው። ሁለት ምልክት ሰጥቶናል። አንደኛው ፍሬን ነው። የፍሬኑ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የፊቱንና የፍሬቻውን ሽቦ ትተን የፍሬኑን እንከተላለን። ሁለተኛው ምልክት ሰው ሲጫን መሆኑ ነው። ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ምን ይለወጣል? ሞላው ይረግባል። የሞተሩ ጀርባ ዝቅ ይላል። ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ይጠጋል። ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ይበልጥ ይጠጋል። ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ ስናያቸው ጣታችን የሚያመለክተው ከኋላው ፓራፋንጎ ሥር ያለውን የፍሬን መብራት ሽቦ ነው።

እንሞክረው። የመፈለጊያው መብራት እንደታሰረ ነው። አንድ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይያዝ። ሁለት ወፈር ያሉ ጎረቤቶች ከኋላ ይቀመጡና ይወዝውዙት። መብራቱ ብልጭ! አያችሁት? ከጎማው በላይ እጃችሁን ስደዱ። ሽቦውን ከፓራፋንጎው ጋር የሚይዘው ማቀፊያ ወልቋል። ሽቦው ረግቦ ተንጠልጥሏል። ጎማው እየላሰ ልብሱን ገፎታል። ሲገፋው ደግሞ ከፓራፋንጎው ብረት ጋር ያነካካዋል። ያ ሁሉ ፊውዝ የተቃጠለው በአንድ ማቀፊያ መውለቅ ነው።

እንዲህ ያለው ኮንታክት አሮጌ ሞተር ላይ እንግዳ አይደለም። የሚደበቅባቸው ቦታዎችም ይታወቃሉ። ከሁሉ በፊት የመሪው አንገት ነው። መሪው በዞረ ቁጥር ሽቦዎቹ እዚያ ይተጣጠፋሉ። የመፈለጊያው መብራት እንደታሰረ መሪውን ቀስ ብላችሁ ጥግ እስከ ጥግ አዙሩ፤ ብልጭ ካለ እዚያው ነው። ከዚያ የሰልባትዮው ሥር አለ፤ ሰልባትዮው ወልቆ ሲገጠም ሽቦ ይጨፈልቃል። የመቀመጫው ሥርም እንዲሁ። የፊት መብራቱ ጣሳ ውስጥ ብዙ ሶኬት ታጭቋል። የኋላ አምፖል ማቀፊያም ዝገት ይበላዋል። አምፖሉ ሲወልቅ ኮንታክቱ አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ ከአምፖሉ ወይም ከማቀፊያው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ግን ፋብሪካው ያልሠራው ሽቦ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ ሙዚቃ፣ ቀለም በቀለም የሆነ ጌጠኛ መብራት። በገበያ ተገዝቶ ሰፈር ውስጥ የተቀጠለ። አንዳንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ታስሯል! ይህን ካያችሁ ሌላውን ሳትነኩ እርሱን ንቀሉት።

ስለ ሽቦ ቀለም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጃፓን ሞተሮች ከባትሪው የሚወጣው ዋና ሽቦ ቀይ ነው። የማሳው ቀለም ግን እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ሆንዳ አረንጓዴ ያደርገዋል። ያማሃ ጥቁር ያደርገዋል። ሱዙኪ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት ያደርገዋል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። በሆንዳና በያማሃ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት ሽቦ ማሳ አይደለም። የሞተር ማጥፊያ ሽቦ ነው። ሱዙኪ ላይ የለመደ እጅ ያማሃ ላይ ይህን ሽቦ ከብረት ጋር ቢያስር ሞተሩ ጨርሶ አይነሣም።

ይህ የማጥፊያ ሽቦ ጥቂት ያቆየናል። እሳቱን ከባትሪ ሳይሆን ከራሱ መዘውር የሚያመነጭ አሮጌ ሞተር ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር ቁልፉ የሚያጠፋው ኤሌክትሪክ በመቁረጥ አይደለም። የማጥፊያውን ሽቦ ከማሳ ጋር በማገናኘት ነው። እንግዲያው ይህ ሽቦ መንገድ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ ምን ይሆናል? ፊውዝ አይቃጠልም። መብራቱም ደህና ነው። ሞተሩ ግን እሳት ያጣል። ቁልፉ ክፍት ነው፣ ሞተሩ ግን ተዘግቷል። ሰዉ ካንዴላ ይለውጣል፤ ካርቡሬተር ይፈታል፤ ሲገፋ ይውላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የማጥፊያውን ሽቦ ከሞተሩ አጠገብ ካለው ሶኬት ንቀሉት። ካንዴላውን አውልቃችሁ ከቆቡ ጋር አያይዙትና ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ አስነሡ። ቤንዚን ከፈሰሰበት ግን አታድርጉት። ጠፍቶ የነበረው እሳት አሁን ከመጣ ኮንታክቱ በማጥፊያው ሽቦ ወይም በቁልፉ ላይ ነው።

ክላክስም እንዲሁ ጠባይ አለው። በብዙ ሞተሮች ላይ የክላክሱ ቁልፍ የሚሠራው ማሳ በመስጠት ነው። ስለዚህ ከክላክሱ ወደ ቁልፉ የሚሄደው ሽቦ ሲላጥ ፊውዝ አያቃጥልም። ክላክሱ ሳይነካ ይጮሃል። በሌሊት ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ሞተር ካለ ይህ ነው ነገሩ።

የፊት መብራቱንም ሁሉም ሞተር ከባትሪ አያበራውም። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ መብራቱን ሞክሩ። ካልበራና ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ከበራ በቀጥታ ከሞተሩ ነው የሚያገኘው። ባትሪ የሌላቸው አሮጌ ቬስፓዎች እንዲህ ናቸው። እዚያ ላይ ኮንታክት ሲኖር ፊውዝ አይቃጠልም፤ መብራቱ ይሞታል። ፍለጋውም ሽቦውን ከሶኬት ሶኬት እየነቀሉ ነው።

ተገኘ እንበል። አሁን ጥገና ነው። መጀመሪያ የባትሪውን የማሳ ገመድ ፍቱ። የተላጠው መዳብ ከጠቆረ ወይም ክሩ ከተበጣጠሰ እስከ ጤነኛው ድረስ ቁረጡት። በዚያው ውፍረት ባለ ሽቦ ቀጥሉ፤ የቀጠነ ሽቦ አትቀጥሉ። በስታኞ በይዱት። በናስትሮ ጠቅልሉት። ይሁን እንጂ በድሬ ሙቀት የናስትሮ ሙጫ ይቀልጣል። ይንሸራተትና ይፈታል። ስለዚህ ጫፉን በጠንካራ ክር እሰሩት። ከላዩ ከአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቱቦ ብታለብሱት ደግሞ ይሻላል። ከዚያ የተነካካበትን ምክንያት አስወግዱ። ማቀፊያው ከወለቀ ማቀፊያ ይግባለት። ሽቦ ተጠግኖ ማቀፊያው ካልተተካ ጎማው እንደገና ይልሰዋል።

አምፖሎቹንና ሶኬቶቹን በቁጥራቸው መልሱ። የባትሪውን ገመድ እሰሩ። አሁን የመፈለጊያውን መብራት አንሥታችሁ አዲስ ፊውዝ አስገቡ። ስንት አምፔር? የሞተሩ መጽሐፍ ወይም የፊውዙ ቤት የሚለውን ያህል። 10 ካለ 10 ነው። በትርፍነት ሁለት ፊውዝ በወረቀት ጠቅልላችሁ መቀመጫው ሥር አኑሩ። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ጻፉበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ባይገኝስ? ይኖራል። በቁልፉ ሆድ ውስጥ ወይም በታሰረው የሽቦ ጥቅል መሐል የተደበቀ ኮንታክት ለባለሙያም ያስቸግራል። ያን ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሂዱ። ነገር ግን የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። «ወንድሜ፣ ቁልፍ ሲዘጋ አይበራም፤ ሲከፈት ይበራል፤ ሬክቲፋየሩን ነቅዬ አይቻለሁ» በሉት። ሥራውን ከግማሹ ይጀምርላችኋል። ሒሳቡንም ስትነጋገሩ ምን እንደሚፈለግ ስለምታውቁ፣ ያልተበላሸ ዕቃ ይለወጥ ቢባል «ለምን?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።